ሙሉ ደም ለሚደማ ሰው

ሰው በመኪና ተገጭቶ፣ ወይም በጥይት ተመትቶ፣ ወይም ከከፍታ ወድቆ ክፉኛ ሲቆስልና ደሙ መፍሰስ ሲጀምር፣ ከሰውነቱ የሚወጣው ቀዩ ሕዋስ ብቻውን ወይም ቢጫው ፈሳሽ ብቻውን አይደለም፤ ፈጣሪ በአንድነት ያዋሐደው፣ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ከሚያረጋው፣ የሚያረጋውም ሁሉን ተሸክሞ ከሚዞረው ፈሳሽ ጋር ተስማምቶ የሚኖርበት ሙሉው ደም ነው። ይህ ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር ይመስላል። ሆኖም የሕክምና ጥበብ እጅግ በረቀቀበት በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ የባለጸጎቹ አገሮች ታላላቅ ሆስፒታሎች ለሚደማ ሰው ያጣውን ሙሉ ደም መመለስ ትተው፣ በመጀመሪያ የጨው ውሃ፣ ቀጥሎ ቀይ ሕዋስ፣ ዘግይቶ ፕላዝማ የሚባለውን ቢጫ ፈሳሽ፣ በመጨረሻም የተገኘ እንደሆነ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት፣ እያንዳንዱን በየተራ ሲሰጡ ብዙ ዓመታት አሳልፈዋል። ይህ ስለ ምን እንደሆነ፣ የቀደመውን ሥርዓት ትተው የነበሩትም ሐኪሞች እንዴት ወደ እርሱ መመለስ እንደጀመሩ ለአንባቢ ለመግለጽ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ግማሽ ሊትር የማይሞላውን ለወገኑ ቢለግስ አይጎዳም፤ ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን፣ ሕዋሳቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተካሉ። ነገር ግን ሁለት ሊትር ያህሉ፣ ማለትም ከመቶ አርባ እጁ፣ በአጭር ጊዜ የፈሰሰ እንደሆነ ልብ የምትረጨውን ታጣለች፤ የደም ግፊት ይወድቃል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ቆዳ እየቀዘቀዘ በላብ ይርሳል። ቁስለኛው መጀመሪያ ውሃ ውሃ ይላል፣ ይቅበዘበዛል፣ ከአልጋው ልነሣ ይላል፤ በኋላ ግን ዝም ይላል። በድንገተኛ ክፍል ብዙ ዘመን ያገለገለች ነርስ ከጩኸቱ ይልቅ ይህን ዝምታ ትፈራለች፤ የሚጮኽ ሰው ገና ለአንጎሉ የሚበቃ ደም አለውና። ሐኪሞቹ ይህን ሁኔታ ሾክ ይሉታል።

በዚህን ጊዜ በቁስለኛው ሰውነት ውስጥ ሦስት ጠላቶች እርስ በርሳቸው እየተጋገዙ ይነሣሉ። ደም ያነሰው ሥጋ ሙቀቱን መጠበቅ አቅቶት ይቀዘቅዛል፤ ኦክስጅን የተቋረጠበት ሕዋስ ያለ እርሱ ለመኖር ሲታገል አሲድ ስለሚያመነጭ ደሙ ይኮመጥጣል፤ የቀዘቀዘና የኮመጠጠ ደም ደግሞ መርጋት ይሳነዋል። ያልረጋው ይበልጥ ይፈስሳል፤ ይበልጥ በፈሰሰ ቍጥር ሰውየው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሊቃውንቱ ቀድሞ ይህን የመርጋት ጉድለት፣ ቁስለኛው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ከሚሰጠው ብዙ ፈሳሽ የሚመጣ ብቻ አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ ነገር ግን በ2003 ከለንደን የወጣ ጥናት፣ በብርቱ ከቆሰሉት መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ገና ከአምቡላንስ ሲወርዱ ደማቸው የመርጋት ኃይሉን ማጣት ጀምሮ እንደነበር አሳየ። እንግዲህ በሽታው የሚጀምረው በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ደም ፈስሷቸው የሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ፣ በማግሥቱ የሚመጣ መድኃኒት ለእነርሱ መድኃኒት አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ የጨው ውሃ ነበር። በአገራችን ሕዝቡ በደፈናው ግሉኮስ የሚለው፣ ከብረት ዘንግ ተንጠልጥሎ በክንድ በኩል የሚገባው ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ተቅማጥና ትውከት ላደረቀው ሰው ነፍስ አድን መሆኑን የሚክድ የለም። ለሚደማ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ፈሳሽ ኦክስጅን አይሸከምም፣ አያረጋም፣ የቀረውንም ደም ያቀጥናል፤ ግፊቱንም ከፍ በማድረጉ መርጋት የጀመረውን ደም ከቁስሉ አፍ ገፍቶ ያስወግዳል። በ1994 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ፣ ደረታቸውን ወይም ሆዳቸውን በጥይት ወይም በስለት ተመትተው የመጡ 598 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ለአንደኞቹ ፈሳሹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ወዲያው ሲሰጣቸው ለሁለተኞቹ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ድረስ እንዲዘገይ ቢደረግ፣ ወዲያው ከተሰጣቸው ከመቶው 62፣ ከዘገየላቸው ደግሞ ከመቶው 70 ተርፈው ተገኙ። ለሕመምተኛው አንዳች ነገር ማድረግ ምንም ካለማድረግ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ለሚያምን ሐኪም ይህ እጅግ የሚከብድ ትምህርት ነበር።

ደምን ከሰው ወደ ሰው የማስተላለፍ ሐሳብ ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው። ጄምስ ብለንደል የተባለ የለንደን ሐኪም፣ እናቶች ከወለዱ በኋላ ደም እየፈሰሳቸው በፊቱ ሲሞቱ ማየት አስጨንቆት፣ በ1818 የሰው ደም ለሰው በመስጠት ፈር ቀዳጅ ሆነ። በዚያን ዘመን የማን ደም ለማን እንደሚስማማ የሚያውቅ ስላልነበረ አንዱ ሲድን ሌላው በተሰጠው ደም ምክንያት ይሞት ነበር። ምስጢሩን የገለጠው ካርል ላንድስታይነር በቪየና ነው፤ በ1901 ባወጣው ጽሑፍ የሰው ደም በወገን በወገን የተለያየ መሆኑን አስረዳ፤ ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው ዓይነቶች የታወቁትም በዚሁ መንገድ ነው። በ1930 የኖቤል ሽልማትን ያገኘው ይህ ሰው የተወለደባት ሰኔ 14 ቀን ዛሬ በዓለም ሁሉ የደም ለጋሾች ቀን ሆና ትታሰባለች። በ1914 ደግሞ ሲትሬት የሚባል ጨው በመጠኑ ከደም ጋር ቢቀላቀል ደሙ ሳይረጋ መቆየት እንደሚችል ስለታወቀ፣ ለጋሹና ተቀባዩ ጎን ለጎን መተኛታቸው ቀረ።

በዚህ ስፍራ ስለ አንድ ሰው ጥቂት ልቆይ፤ ሥራው ሊረሳ አይገባምና። ኦስዋልድ ሮበርትሰን የአሜሪካ ጦር ሐኪም ሲሆን፣ በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዞች ጋር በፈረንሣይ ግንባር ተመድቦ ነበር። ቁስለኛ የሚበዛው በውጊያው ቀን ነው፤ በውጊያው ቀን ግን ከወታደሩ ደም ለመቅዳት ጊዜም ሰውም አይገኝም። ስለዚህ ሮበርትሰን ለሁሉም ይስማማል ከሚባለው ከኦ ዓይነት ለጋሾች አስቀድሞ ደም እየቀዳ፣ ሲትሬትና ስኳር ባለበት ውሃ በጠርሙስ አኖረ፤ የጥይት ሣጥኖችን ወስዶ ዙሪያቸውን በእንጨት ብናኝ እየደፈነ፣ ውስጣቸውን በበረዶ እየሞላ ማቀዝቀዣ አበጀ። በኅዳር ወር በካምብሬ ጦርነት ሲደረግ እነዚያን ሣጥኖች በአምቡላንስ አስጭኖ ቁስለኞች ወደሚሰበሰቡበት ድንኳን ወሰዳቸው፤ ለቀዶ ሕክምና እንኳ አይበቁም ተብለው ከዳር ለተቀመጡት ሰዎች ደሙን ሰጠ፤ ከእነርሱም የተረፉ ነበሩ። ዛሬ በዓለም ያለው የደም ባንክ ሁሉ፣ መስታወቱና ብረቱ ቢያብረቀርቅም፣ የዚያ የጥይት ሣጥን ልጅ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ደረቅ ፕላዝማን ይዞ ዘመተ፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃ ጨምሮ መስጠት ብቻ ነው። ነገር ግን በ1943 ወደ ሰሜን አፍሪካ የተላከው የቀዶ ሕክምና አማካሪ ኤድዋርድ ቸርችል ቁስለኞቹን አይቶ፣ ፕላዝማ ግፊትን ለጊዜው ቢያነሣም ኦክስጅን ስለማይሸከም የሙሉ ደምን ስፍራ ሊወስድ አይችልም ሲል አጥብቆ ተከራከረ፤ አለቆቹ አልሰማ ቢሉት ነገሩን እስከ ጋዜጣ አደረሰው። በ1944 ሙሉ ደም ከአሜሪካ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ መሻገር ጀመረ። በኮሪያም በቬትናምም ጦርነቶች የቁስለኛው ዋነኛ መድኃኒት ይኸው ሙሉ ደም ነበር።

ታዲያ ስለ ምን ተተወ? ምክንያቱ ክፉ አልነበረም። ከመስታወት ጠርሙስ ይልቅ የላስቲክ ከረጢት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ደምን በመሣሪያ አሽከርክሮ ቀዩን ሕዋስ፣ ፕላዝማውንና ፕላትሌቱን ለየብቻ ማውጣት ቀላል ሆነ፤ የአንድ ለጋሽ ስጦታም ለሦስት ሕመምተኞች ተዳረሰ። የደም ካንሰር ላለበት ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ፕላትሌት ብቻ ነው፤ ደም ማነስ ለከበደባት ሴት ቀይ ሕዋስ ብቻ ይበቃታል፤ ለእነዚህ ሙሉ ደም መስጠት ብክነት ብቻ ሳይሆን ልብን በማይፈለግ ፈሳሽ ማስጨነቅ ነው። ለማከማቻም ቢሆን እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው፤ ቀይ ሕዋስ በማቀዝቀዣ 42 ቀን ይቆያል፣ ፕላዝማ በብርቱ በረዶ ውስጥ አንድ ዓመት፣ ፕላትሌት ግን በክፍል ሙቀት ቀንና ሌሊት እየተወዛወዘ አምስት ቀን ያህል ብቻ። እንዲህ ሆኖ የመጋዘኑ ሥርዓት ሲደላደል፣ መጋዘኑን ያበጁት ሰዎች ያላሰቡት አንድ ሕመምተኛ ከውጭ ቀረ፤ እርሱም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያጣው ቁስለኛ ነው። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ ደምን በመክፈል ላይ አይደለም፤ ለማከማቻ የሚመቸው ለአልጋው አጠገብም ይመቻል ብሎ በማሰብ ላይ ነው።

ሦስቱን ክፍሎች ቀላቅሎ ቢሰጡትስ የሚል ሰው ይኖራል። ወተት ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ቅቤውን ከአሬራው ጋር ቢያማስሉት ያው ወተት እንደማይመለስ፣ የተከፋፈለ ደምም ተመልሶ ሲቀላቀል የመጀመሪያውን አይሆንም። እያንዳንዱ ክፍል ሲዘጋጅ የማቆያ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ሲለይም የሚጠፋ አለ። ከለጋሽ የተቀዳ ሙሉ ደም ከመቶ 38 እስከ 50 ያህሉ ቀይ ሕዋስ ሲሆን፣ አንድ ቀይ ሕዋስ፣ አንድ ፕላዝማና አንድ የፕላትሌት ድርሻ ተቀላቅለው የሚሰጡት ግን ከመቶ 29 ያህል ቀይ ሕዋስ፣ ከተለመደው በእጅጉ ያነሰ ፕላትሌት፣ የማርጋት ኃይሉም ከመቶ 65 ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ የበረደው ፕላዝማ እስኪቀልጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለሚደማ ሰው ግማሽ ሰዓት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ወደ ሙሉ ደም መመለሱ የተጀመረው በችግር ነው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የአሜሪካ የጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ፕላትሌት ሲያልቅባቸው ወይም ከመጀመሪያውም ሳይኖራቸው ሲቀር፣ የደም ዓይነታቸው አስቀድሞ ተመዝግቦ የተያዘ ወታደሮችን ይጠሩ ነበር። ጥሪው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ከጥበቃ የተመለሰው፣ ከምግብ አዳራሽ የተነሣው፣ ማዕድ ቤት የሚሠራው ሁሉ ይሰለፋል፤ ደማቸውን ሰጥተው ክንዳቸውን ሳያጥፉ ከረጢቱ ገና እንደሞቀ በግድግዳው ማዶ ወዳለው ቁስለኛ ይገባል። ይህን የሚራመደው የደም ባንክ ይሉታል። ቀዶ ሐኪሞቹ በእጃቸው ያዩት ነገር አስደነቃቸው፤ ከየስፌቱ ቀዳዳ እየተንቆረቆረ እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው ደም፣ ይህ ሞቅ ያለ ሙሉ ደም ከገባ በኋላ በዓይናቸው ሥር መርጋት ይጀምር ነበር።

በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በኢራቅ ብዙ ደም የተሰጣቸውን 246 ቁስለኞች መዝግቦ፣ ከቀይ ሕዋሱ ጋር እጅግ ጥቂት ፕላዝማ ከተሰጣቸው ከመቶው 65 ሲሞቱ፣ በመጠን ተቀራራቢ ፕላዝማ ካገኙት ግን ከመቶው 19 ብቻ መሞታቸውን ገለጠ። ይህን ቍጥር በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ቶሎ የሞተ ሰው ፕላዝማው እስኪቀልጥ ስላልቆየ ጥቂት መቀበሉ የሞቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤትም ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን በ2015 በሰሜን አሜሪካ 12 ሆስፒታሎች ውስጥ 680 ቁስለኞች በዕጣ ተከፍለው ሲፈተኑ፣ ሦስቱ ክፍሎች እኩል በእኩል ከተሰጧቸው መካከል በመጀመሪያው ቀን ደም ፈስሷቸው የሞቱት ከመቶው 9 ያህል፣ ቀይ ሕዋሱ እጥፍ ሆኖ ከተሰጣቸው ደግሞ ከመቶው 15 ያህል ሆኑ፤ በሠላሳኛው ቀን የተቈጠረው የጠቅላላው ሞት ልዩነት ግን ለማረጋገጥ የሚበቃ አልነበረም። የጥናቶቹ ትርጕም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ የሚሰጠው ነገር የፈሰሰውን ነገር በመሰለ መጠን ቁስለኛው ይጠቀማል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ የደም ዓይነት ነበር። የመንገድ ላይ ቁስለኛ ዓይነቱ እስኪታወቅ አይጠበቅም፤ ለሁሉ የሚሆን ደም ያስፈልጋል። የኦ ዓይነት ቀይ ሕዋስ ለሁሉ ይስማማል፤ ሙሉ ደም ሲሆን ግን በፕላዝማው ውስጥ የኤንና የቢን ሕዋስ የሚቃወም ንጥረ ነገር አለበት። ይህ ተቃዋሚ መጠኑ በየሰዉ ይለያያል፤ በአንዱ ብዙ፣ በሌላው ኢምንት ነው። ስለዚህ ከኦ ለጋሾች መካከል ተቃዋሚው አነስተኛ የሆነባቸውን በምርመራ ለይቶ፣ የእነዚህን ሙሉ ደም ለማንኛውም ቁስለኛ መስጠት ይቻላል፤ ብዙ የደም ባንኮች ፕላዝማው 256 ጊዜ ቢቀጠን ምላሽ የማያሳየውን ለጋሽ ይቀበላሉ። የአሜሪካ ጦር ልዩ እግረኞች እንዲህ የተመረጡ ወታደሮችን በየምድባቸው እየያዙ ይዘምታሉ።

ይህ አሠራር ከጦር ሜዳ ወደ ከተማ የተሻገረው ደግሞ በቴክሳስ ነው። በሳን አንቶኒዮና በዙሪያዋ ባለው ሰፊ አገር፣ ከ2018 ጀምሮ ሄሊኮፕተሮች፣ ቀጥሎም የከተማው አምቡላንሶች ይህን ደም ይዘው መዞር ጀመሩ። ለጋሾቹ በአብዛኛው ኦ ፖዘቲቭ የሆኑ ወንዶች ናቸው፤ ያረገዘች ሴት ሰውነት በእርግዝናዋ ጊዜ የሚያበጃቸው አንዳንድ ተቃዋሚዎች የተቀባዩን ሳንባ ሊጎዱ ስለሚችሉ። ሙሉ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው እንደ ማቆያው ፈሳሽ 21 ወይም 35 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በአምቡላንስ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ ጊዜው ሳያልፍ ብዙ ቁስለኛ ወዳለበት ታላቅ ሆስፒታል ይዛወራል፤ በዚህ ዓይነት ከለጋሹ የወጣው ደም ወደ ቆሻሻ አይጣልም። በኖርዌይም የበርገን ሄሊኮፕተር ሐኪሞች፣ በእስራኤልም የጦሩ የአየር ነፍስ አድን ክፍል ሙሉ ደም ይዘው ይበርራሉ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ እንመልከት። ባለሙያው በመጀመሪያ የሚፈሰውን ያቆማል፤ እግሩ ከሆነ ከቁስሉ በላይ በማሰሪያ ያጠብቃል፣ ብሽሽቱ ከሆነ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሁለት እጁ ይጫናል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ደም መጨመር ከንቱ ነውና። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ወርዶ፣ የልብ ምት ፈጥኖ፣ ቁስለኛው መደንዘዝ ከጀመረ ከረጢቱ ከማቀዝቀዣው ሣጥን ይወጣል፤ ሣጥኑ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ሙቀት መጠበቁን መሣሪያው ያሳያል። ሁለት ሰዎች ከረጢቱ ላይ ያለውን መለያ ጮኽ ብለው ያነብባሉ፤ ዓይነቱ፣ ቍጥሩ፣ የሚያበቃበት ቀን። ከዚያም ቱቦው ትንሽ የማሞቂያ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ የቀዘቀዘን ሰው በቀዝቃዛ ደም ማቀዝቀዝ ጠላትን መርዳት ነው። ደሙ እንዳይረጋ የተጨመረው ሲትሬት የሰውነትን ካልሲየም ስለሚይዝ፣ ያለ ካልሲየም ደግሞ ልብም አትመታ፣ ደምም አይረጋ፣ ካልሲየም በመርፌ ይሰጣል። የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድም፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከደረሰ፣ ይጨመራል። ከረጢቱን በግፊት መጭመቂያ ቢያስሩት ግማሽ ሊትር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገባል። ነገሩ የተሳካ እንደሆነ የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ቁስለኛው መልሶ መናገሩ ነው።

ተቃውሞ የለም አይባልም። ሙሉ ደም ቶሎ ከሚገኙት ክፍሎች በጥቅሙ በእርግጥ ይበልጣል ወይ የሚለውን ለመወሰን የሚበቃ በዕጣ የተካሄደ ታላቅ ጥናት ሊቃውንቱ ገና ይፈልጋሉ። ሌላው የሚያሳስብ ነገር አርኤች የተባለው፣ ደምን ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚያሰኘው ምልክት ጉዳይ ነው፤ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች ወጣት ሴት ፖዘቲቭ ደም ብትቀበል፣ ወደፊት የምትፀንሰውን ልጅ ሰውነቷ ሊቃወመው ይችላል። ብዙዎቹ ሐኪሞች፣ ይህ አደጋ ክትትል ሲደረግበት የሚታከም ሲሆን ዛሬ የሞተች ሴት ግን ነገ አትወልድም በማለት መስጠቱን ይመርጣሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ይሁን እንጂ ከዳነች በኋላ ነገሩ ለእርሷ በግልጽ ሊነገራትና ሊጻፍላት ይገባል።

ይህ ሥርዓት ሁሉ የቆመው ግን በለጋሹ ላይ ነው፤ ለጋሽ ደግሞ የሚሰጠው ሲታመንና ሲያምን ነው። በ1940 ለእንግሊዝ ፕላዝማ የመሰብሰቡን ታላቅ ሥራ የመራው ቻርለስ ድሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ የገዛ አገሩ ቀይ መስቀል ግን መጀመሪያ የጥቁሮችን ደም አልቀበልም ብሎ፣ በኋላ ቢቀበልም ከነጮቹ ለይቶ እስከ 1950 ያስቀምጥ ነበር። በእስራኤልም በጥር 1996፣ ማጌን ዳቪድ አዶም የተባለው የደም አገልግሎት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በፈቃዳቸው የሰጡትን ደም እየተቀበለ፣ ለሰጪዎቹ ሳይነግር ሲያስወግድ እንደኖረ በጋዜጣ ተገለጠ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ። ምክንያት ተብሎ የተሰጠው የኤች አይ ቪ ፍርሃት ነበር። በሽታን መፍራት ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እያንዳንዱን ከረጢት መመርመር እንጂ፣ ክንዱን የዘረጋውን ሰው ፈገግ ብሎ ተቀብሎ ስጦታውን ከኋላው መድፋት አይደለም። ሰውን በዘሩ ያዋረደ የደም ባንክ በአደጋ ቀን የሚጠራው ሰው ያጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ የተገላበጠ ሆኖ እናገኘዋለን። ደምን ከፋፍሎ የሚያዘጋጀው መሣሪያ ባልተስፋፋባቸው ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሙሉ ደም ከአገልግሎት ወጥቶ አያውቅም፤ በአውራጃ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ዛሬ ምዕራባውያን እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሱትን ሲሰጥ ኖሯል። የጎደለው ዓይነቱ ሳይሆን ብዛቱና ፍጥነቱ ነው። በኢትዮጵያ የደም አገልግሎት በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ከሚሰበሰበው ደም ከመቶው 40 ያህሉ የሚሰበሰበው ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ ብቻ በሚኖርባቸው ባለጸጋ አገሮች ነው። በአንጻሩ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ከመቶው 92ቱ የሚሞቱት በድኻና በመካከለኛ አገሮች መንገዶች ላይ ነው። ደም በሌለበት ሆስፒታል ዘመድ በየቤቱ እየሮጠ ምትክ ለጋሽ ሲፈልግ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልፋሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ ከውጭው ልምድ ልንወስደው የሚገባን ሄሊኮፕተሩን ሳይሆን የለጋሾቹን መዝገብ ነው። ከደም ባንክ በራቀ ሆስፒታል ዙሪያ ያሉ ሰዎች፣ መምህራን፣ ነርሶች፣ የገዳምና የመስጊድ አገልጋዮች፣ ሹፌሮች፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነና ክብደታቸው ከ45 ኪሎ የማያንስ፣ የደም ዓይነታቸው አስቀድሞ ታውቆ፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ በየጊዜው እየተመረመሩ፣ ስማቸውና ስልካቸው በአንድ ደብተር ሊያዝ ይችላል፤ በሚጠሩበትም ሰዓት ፈጣን ምርመራው በድጋሚ ይደረግላቸዋል። በባሕር መካከል የሚጓዙ የመንገደኛ መርከቦች እንኳ፣ ማከማቻ ስለሌላቸው፣ ከተሳፋሪውና ከሠራተኛው መካከል ለጋሽ እየጠሩ የሚደማን ሰው አድነዋል። ከኦ ለጋሾቹ መካከል ተቃዋሚው ያነሰባቸውን መለየትም ታላቅ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ጥቂት የመመርመሪያ ቱቦዎች በረድፍ ተደርድረው፣ የለጋሹ ፕላዝማ በጨው ውሃ ከቱቦ ወደ ቱቦ በእጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ፣ በየቱቦው የኤና የቢ ሕዋስ ጠብ ተደርጎ፣ ሕዋሱ የሚጓጕልበት የመጨረሻው ቱቦ የትኛው እንደሆነ በዓይን ይታያል። ደም ዓይነት የሚለይ ማንኛውም የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማረው ይችላል።